ለጋብቻ ዋሱ ለአቶ ይስማው፦ ስለ ሽልማትዎና ስለ እህቴ ስለ ትሕትና

ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ይስማው ወልደ ሰንበት
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ የአገር ሽማግሌ፣ የጋብቻ ዋስ፣ ካለፈው ኅዳር ወዲህ ደግሞ ባለሽልማት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በንግግርዎ ውስጥ የተረሱ ነገሮችን ስለ ማሟላት

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱን ሙሉ ሲቆረጥምዎ የነበረው ጉልበትዎ ተሻለው ወይ? ባለቤትዎ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል፣ ከብቶቹ፣ አዝመራው ሁሉ ሰላም እንደ ሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስል እህቴን ትሕትናንም ጨምሬ ነው፤ የእሷ ጤና ከእኛ ከቤተሰቦቿ ይልቅ እርስዎን እንደሚያስጨንቅዎ ስለማውቅ ቶሎ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ባለፈው ኅዳር በኤድስ ቀን «ወጣት ሴቶችን ከኤችአይቪ ለመከላከል ላበረከቱት ግንባር ቀደም አስተዋጽኦ» ተብሎ የምስክር ወረቀትና ነጭ ጋቢ ሲሸለሙ እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ከኋላ ቆሜ ነበር። አጨበጨብኩ። ጋቢውም አምሮብዎታል፤ ትከሻዎ ላይ ሲደረብልዎ ራስዎን ዝቅ ማድረግዎን ያየ ሁሉ ትሑትነትዎን አድንቋል። በንግግርዎም በዚህች ከተማ ሴት ልጅ ደሟ ሳይመረመር እንዳትዳር ያደረጉት እርስዎ መሆንዎን ለእንግዶቹ ነገሩ። እውነት ነው፤ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ይህ ልማድ እንዲህ ባልተስፋፋ ነበር። እንዴት እንደ ተስፋፋ ለማስረዳት ግን ሰዓት አጠረዎት። ትሕትና ልታግዝዎ ብላ እጇን ብታወጣ መርሐ ግብሩ ሞልቷል ተባለች። ስለዚህ እኔ የጎደለውን በጽሑፍ ላሟላና በመናኸሪያው፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ልለጥፈው ወሰንኩ። ስምዎ ይስማው መሆኑም በጀን፤ ባይሆን ኖሮ አቤቱታ የምናሰማው አጥተን በተቸገርን ነበር።

አንደኛ፤ ስለ አዳራሹ።

የፀረ ኤድስ ክበባችንን ስንመሠርት እኔ እንደ አሁኑ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። አባላቱ አብዛኞቹ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉ ገጠሮች መጥተው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶች ናቸው። እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ። ሐሙስ ሲደርስ ስንቁ ያልቃል። ሐሙስ ደግሞ ሻይና ዳቦ የሚጋብዝ፣ ደብተር የሚገዛ፣ አዲስ ጫማ የሚያሳይ ትልቅ ሰው በትምህርት ቤቱ መንገድ ላይ አይጠፋም። እኛ የምናስተምረው ስለዚያ ሐሙስ ነበር። እንቢ እንዴት እንደሚባል፣ እንቢ ማለት ሳይቻል ሲቀር ምን እንደሚደረግ፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው በመልኩም በልብሱም ከሌላው እንደማይለይ።

እርስዎ የቀበሌውን አዳራሽ ፈቀዱልን፤ ስለዚህ ከልብ እናመሰግናለን። አንድ ቀን ግን ወንጌላዊት የምትባል የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ ስለ ኮንዶም በግልጽ ተናገረች። በማግስቱ በአዳራሹ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘን። እኔን ቢሮዎ አስጠርተው፣ ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ብታወጣ በሽታውን ከመከላከል ይልቅ መጥራት እንደሚሆን በትዕግሥት አስረዱኝ። ትምህርቱ በመዝሙር ብቻ እንዲሰጥ፣ መዝሙሩም በሽታው በምን በምን እንደሚተላለፍ እንዳያነሣ መከሩኝ። አክብረን ሞከርነው። ነገር ግን ኤድስ ክፉ ነው፣ ኤድስ ጨካኝ ነው ካልን በኋላ ግጥሙ አልቀጥል አለን።

ሁለተኛ፤ ስለ የኔታ ዘመንፈስቅዱስ።

አዳራሹ ሲዘጋ የቅኔ መምህሩ የኔታ ዘመንፈስቅዱስ ጠሩንና ከቅዳሴ በኋላ በኪዳነ ምሕረት ቅጽር ውስጥ ከጽድ ዛፎቹ ሥር እንድንሰበሰብ ፈቀዱልን። እዚያ የሚመጣው ልጃገረድ ብቻ አልነበረም፤ እናትም አባትም ነጠላውን አመሳቅሎ ይቆም ነበር። የኔታ በዚያ ጉባኤ ላይ ከእንግዲህ ሙሽሮች ሊቆርቡ ሲመጡ አስቀድመው ደማቸውን አስመርምረው እንዲመጡ ተናገሩ። እርስዎ ይህ የወንዶችን ክብር የሚነካ ነው ብለው ለአለቆቻቸው ከሰሷቸው። አባቶች ጠርተው ጠየቋቸው፤ የኔታም መልስ ሰጥተው መጡ። ምን እንደ ተባሉ ስንጠይቃቸው ሻይ እንደ ጠጡ ብቻ ነገሩን፤ በሚቀጥለው ሰንበት ያንኑ ቃል ደገሙት። ቁልፍዎ ከአዳራሹ አውጥቶ ከሕዝቡ መካከል ስለ ጨመረን በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ትሕትና።

ታናሽ እህቴ ትሕትና ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የፈተና ውጤቷን ስትጠብቅ አቶ ሙላት የሚባል የእህል ነጋዴ ሽማግሌ ላከባት። ሙላት የጭነት መኪና ያለው፣ በዕድሜ እጥፏ የሆነ፣ ሚስቱ ለረጅም ጊዜ ታማ የሞተችበት ሰው ነበር። የሚስቱን በሽታ ጎረቤቱ ሁሉ የሳንባ ምች ይለዋል። የሽማግሌዎቹ ፊታውራሪ እርስዎ ነበሩ። አባቴ አቶ አንሙት ገበሬ ነው፤ ሊቀ መንበሩ በደጃፉ ሲቆም መደብ አንጥፎ፣ ምርጥ ጠላውን ቀድቶ ተቀበለዎ።

እኔ ከክበባችን ተምሬ ያስተማርኩትን ይዤ ምርመራ ይቅደም አልኩ። እርስዎ ሳቁ። ያን ጊዜ ትሕትና ከጓዳ ወጥታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ነገር ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

«ከእሳቸው ጋር ደብረ ማርቆስ ልሂድና ሁለታችንም ደማችንን እንስጥ። ከዚያ በኋላ የአባቴን ቃል እፈጽማለሁ» አለች።

በአገራችን ሙሽራ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ስትናገር ያየ አልነበረም። እርስዎ ከመደቡ ተነሡ። የመለሱትን አንድም ቃል አልረሳሁትም።

«የሙላት ዋስ እኔ ነኝ። በሀብቱም በጤናውም ዋስ ነኝ። አንሙት፣ እኔን ማመን አቅቶህ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝና ልውጣ» አሉ።

አባቴ አቀረቀረ። በእኛ ዘንድ ዋስ ማለት ምን እንደ ሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ደብዳቤውን መናኸሪያ ላይ ለሚያነብ መንገደኛ ግን ልንገረው። በጋብቻ ውል ላይ ዋስ የሆነ ሰው ተጋቢው ቢበድል ስለ በደሉ የሚጠየቅ ነው። ዋስን አላምንም ማለት በሰው ፊት ውሸታም ነህ ብሎ መሳደብ ነው። አባቴም እንግዳውን መሳደብ አልቻለበትምና ልጁን ሰጠ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ብተወው ይሻላል። ከዚህ በኋላ ያለው በተራ ቁጥር የሚሄድልኝ አይደለም።

ትሕትና በተዳረች በዓመቱ ፀነሰች። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ደሟን መረመሩት፤ ቫይረሱ ተገኘባት። እኔ ጋ ስትመጣ አላለቀሰችም፤ ውኃ ስጪኝ ብላ ጠጥታ ነገረችኝ። ተያይዘን ወደ ባሏ ሄድን። ሙላት ያን ጊዜ ከስቶ አልጋ ላይ መዋል ጀምሮ ነበር። አልካደም። የመጀመሪያ ሚስቱ ስትሞት ተመርምሮ ራሱን ያውቅ እንደ ነበር ነገራት። ቀጥሎም ሽማግሌዎች ይጠሩልኝ፣ አማቴን ይቅርታ ልጠይቅ አለ። የኔታ ዘመንፈስቅዱስና ከእርስዎ ጋር አብረው ለሽምግልና ከመጡት ሰዎች ሁለቱ መጡ፤ አባቴም መጣ። ሙላት በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና ይህን አለ።

«በሽታዬን ለይስማው ሳልደብቅ ነግሬው ነበር። ‹ሚስት ስታገባ ትረጋጋለህ፣ ሰውም ማማቱን ይተዋል፤ ለልጅቱ ወገን ዋስ የምሆነው እኔ ነኝ› አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። በደለኛው እኔ ነኝ፤ ግን ብቻዬን አይደለሁም።»

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ያውቁ ነበር። ከአባቴ መደብ ላይ ተነሥተው እኔን ማመን አቅቶህ ከሆነ ሲሉ ያውቁ ነበር። ልጅቱ ፊትዎ ቆማ ደማችንን እንስጥ ስትል ያውቁ ነበር። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን ጉንጯን ስመው ውለዱ ክበዱ ብለው ሲመርቁም ያውቁ ነበር። ሰው ይህን ያህል ምስጢር ያለ ድካም ተሸክሞ ጮማ መቁረጥ መቻሉ ብርቱ ጤንነት ይጠይቃልና ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልዎ።

ያን ቀን እኔ የአባቴን ምሳር ይዤ ወደ ቤትዎ መንገድ ገብቼ ነበር። ሕፃናት ፊደል የማስቆጥር መምህርት መሆኔን ረስቼው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ትሕትና ሆዷን ደግፋ እያለከለከች ደረሰችብኝ። ስለ ኃጢአት አልሰበከችኝም፤ ስለ ሕግም አላነሣችም።

«አንቺ ከታሰርሽ እኔን ሐኪም ቤት ማን ያመላልሰኛል?» አለችኝ።

ምሳሩን ይዤ ተመለስኩ። ያን ቀን ራስዎ በአንገትዎ ላይ የሰነበተው በእሷ ነውና ምስጋናው ይድረሳት።

አባቴ በበኩሉ እንደ ባህሉ ሊጠይቅዎ መጣ። ዋስ ሲጠራ ይወጣልና ከደጅዎ ቆሞ አስጠራዎ። ስብሰባ ላይ ነኝ ብለው ላኩ። ስብሰባው ከቤትዎ ውስጥ መሆኑን ድምፅዎ ከግቢው ይሰማ ስለ ነበር አባቴ ተረድቶታል። ቢሆንም አጥርዎ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ ጠበቀዎ፤ አልወጡም። የሕግ ሰው ብንጠይቅ ዋናው በዳይ በሞት አፋፍ ላይ ነው፣ በሌላው ላይ የሚቀርበው ማስረጃ ደካማ ነው አሉን። እርስዎም በኋላ ሽማግሌዎች ሲጠይቁዎ የሙላት ቃል የበሽተኛ ቅዠት ነው ብለው መለሱ። ሙላት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። ቀብሩ ላይ ረጅም የሕይወት ታሪክ አነበቡለት፤ በውስጡም ቅዠታም እንደ ነበር የሚል አልሰማሁም።

አባቴ ከደጅዎ ከተመለሰ በኋላ እህል እየቀመሰ፣ ሥራውን እየሠራ፣ ሰው ግን አያነጋግርም ነበር። በሚቀጥለው የኪዳነ ምሕረት ዕለት ጉባኤያችን ላይ መጣ። ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ በሕዝብ ፊት ተናግሮ አያውቅም። ባርኔጣውን አውልቆ ከመካከል ቆመ።

«ልጄን የሰጠኋት ለሰው ቃል ነው» አለ። «ደማችንን እንስጥ ስትለኝ እያሳፈረችኝ መስሎኝ ነበር። ሴት ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ለዋስ ቃል ልጅ አትስጡ። የማንንም ዋስ ቃል አትቀበሉ።»

ስምዎን አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ ጉባኤው በሙሉ ዞር ብሎ የተመለከተው ወደ ቤትዎ አቅጣጫ ነው።

ልማዱ የተስፋፋው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እኛ ክበብ መሥርተን፣ ድራማ ሠርተን፣ ፖስተር ለጥፈን ያላሳመንነው ገበሬ የአንሙትን ፊት አይቶ አመነ። ከጮቄ ሥር ያሉ አባቶች የልጃቸውን ጠያቂ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ልጃገረዶቹም ሐሙስ ቀን ጫማ የሚያሳያቸውን ሰው በአንድ ላይ ሆነው ስሙን ጮክ ብለው መጥራት ተማሩ፤ ከእነዚያ ሰዎች መካከል ጓደኞችዎ ስላሉ ይህን ያለ እኔም ያውቁታል። ትሕትና ቫይረሱ ወደ ልጇ እንዳያልፍ የሚሰጠውን መድኃኒት ወስዳ ወለደች። ሕፃኗ ወለተ ኪዳን ተብላ ተጠመቀች፤ ዕድሜዋ ለምርመራ ሲደርስ ከቫይረሱ ነፃ መሆኗ ተነገረን። ያን ቀን ትሕትና ከእርግዝናዋ ጀምሮ አፍና ይዛው የነበረውን ልቅሶ ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰችው። ከዚያ በኋላ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ስሟን ሳትቀይር በጉባኤው ላይ ትናገር ጀመር።

አሁን ወደ ንግግርዎ ዋና ነጥብ እመጣለሁ። በመድረኩ ላይ የልጅዎን የእንዳላማውን ጋብቻ በምርመራ በማድረግ ለሕዝቡ አርአያ ሆኛለሁ ብለዋል። የሠርጉን ታሪክ ግን እኔ እንዲህ አውቀዋለሁ።

እንዳላማው ያጫት ሴት ያቺው ኮንዶም የሚለውን ቃል ተናግራ አዳራሽ ያስዘጋችው ወንጌላዊት ነበረች። አሁን መምህርት ሆናለች። ልጅዎ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእርስዎ መወለዱን ለማመን የሚያስቸግር ቅን ወጣት ነው። ወንጌላዊት ምርመራ ይቅደም ስትለው እኔም እፈልጋለሁ ብሎ አብሯት ሄደ፤ ሁለቱም ነፃ ሆነው ተመለሱ። እርስዎ ይህን የሰሙት ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ሰምተውም ሦስት ሰንበት ልጅዎን አላነጋገሩትም።

ከዚያ የውሉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ተጥሎ፣ የሁለቱም ወገን ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የወንዱ ወገን ዋስ ይጥራ ተባለ። እርስዎ እንደ ልማድዎ ጋቢዎን አስተካክለው ተነሡ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነበርኩ። የወንጌላዊት አባት እጁን አነሣና፣ በፍጹም ትሕትና፣ እርስዎን እንዲህ አለዎ።

«አቶ ይስማው፣ ቤትዎንም ልጅዎንም እናከብራለን። የእርስዎን ዋስትና ግን በዚህ አገር የሚቀበል የለም። ይቀመጡ፤ ሌላ ሰው ይቁም።»

ቆመው ቀሩ። ሰው ሁሉ ምድር ምድሩን አየ። በመጨረሻ የገዛ ልጅዎ ተነሥቶ የኔታ ዘመንፈስቅዱስ ዋስ እንዲሆኑለት ለመነ፤ እሳቸውም ሆኑ። እርስዎ ወደ ዳሱ ጥግ ሄደው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ማንም ሽማግሌ ለምርቃት አልጠራዎትም። እኔ በዚያ ቀን የበላሁት ምን እንደ ነበር አላስታውስም፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ይህን ደስታ ስለ ሰጡኝ በተለየ ሁኔታ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

አርአያነትዎ ይህ ነው። ለእንግዶቹ እንዲህ አድርገው ቢነግሯቸው ኖሮ ሁለተኛ ጋቢ ባልነፈጉዎት ነበር።

ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ እንዲጠይቁኝም አልጠብቅም። የኔታ ይቅርታ ለነፍሴ እንደሚበጅ ደጋግመው መክረውኛል፤ እኔም እስካሁን ነፍሴን ትንሽ ታገሺኝ እያልኳት ነው። አባቴ ግን ቀድሞኝ ይቅር ብሎዎት ይሆናል፤ ጠይቄው አላውቅም። እርስዎም ሊጠይቁት ቢፈልጉ ቤቱን አያጡትም፤ እንግዳ በደጁ የሚያቆም ሰው አይደለም።

የሚቀጥለው የቀበሌ ምርጫ ሲደርስ ምስክር ወረቀትዎን ይዘው እንደሚቀርቡ ሰምተናል። ስብሰባው ላይ የክበባችን ሴቶች ሁሉ ከፊት ረድፍ ተቀምጠን እንጠብቅዎታለን። ያን ቀንም መርሐ ግብሩ እንደማይሞላ ተስፋ እናደርጋለን።

ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ጆሮዎ እንዳይደክም፣ ዐይንዎ እንዳይፈዝ፣ ያደረጉትንም ሁሉ የማስታወስ ችሎታዎ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሳይጓደል እንዲቆይልዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

መምህርት ሥራነሽ አንሙት
የፀረ ኤድስ ክበብ ሰብሳቢና የትሕትና ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያው ግድግዳ
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለሴት ልጅ አባቶች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክበባችን ከግቢዎ በር ፊት ለፊት ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቷል። ከሰኞ ጀምሮ ትሕትና እዚያ ተቀምጣ ልጃገረዶችን ታማክራለች። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ላይ ሆና መንገደኛውን ሁሉ እንደምን አደሩ የማለት ልማድ አላት፤ እርስዎም ከቤትዎ ሲወጡ ሰላምታዋን እንዲመልሱላት አደራ እላለሁ። ሐኪሞቹ መድኃኒቷን በሥርዓት ከወሰደች ብዙ ዘመን ትኖራለች ብለዋል።